በ491 ወደ ፒአር፦ ከነጥቡ በፊት ቦታውን

ስለ አውስትራሊያ የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ነጥቤ ይበቃል?» ብሎ ነው፤ ለዕድሜ፣ ለትምህርት፣ ለልምድና ለእንግሊዝኛ የሚሰጠውን የቪዛ ነጥብ ማለቱ ነው። እኔ ደግሞ መልሼ «የት ለመኖር አስበሃል?» እላለሁ። ጥያቄው ያለ ቦታው የገባ ይመስላቸዋል። «እሱማ ከመጣሁ በኋላ ይታያል፤ ብቻ አንዴ ልግባ» ይሉኛል። በሪጅናል ቪዛ፣ ማለትም ከትልልቆቹ ከተሞች ውጭ ለመኖር በሚሰጠውና 491 በሚባለው፣ ግን እሱ በኋላ የሚታይ ነገር አይደለም። ነጥቡንም፣ የሚያስመጣችሁን ስቴትም፣ ሥራውንም፣ በመጨረሻ ፒአሩንም (ቋሚ የመኖሪያ ፈቃዱን) የሚወስነው የምትኖሩበት ቦታ ነው።

ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። በደቡብ አውስትራሊያ ስቴት ኖሚኔሽን (ስቴቱ በሚሰጠው ድጋፍ) በ491 ገብቼ፣ አደላይድ ኖሬና ሠርቼ ፒአሩን፣ 191ን፣ አግኝቻለሁ። የኢሚግሬሽን ወኪል አይደለሁም፣ ለማንም ፎርም አልሞላም። እዚህ የምጽፈው አንድ ባለሙያ ከአገር ቤት ሆኖ ሲጀምር ምን በምን ቅደም ተከተል ማድረግ እንዳለበት ነው። ክፍያና ደንብ አብዛኛውን ጊዜ ጁላይ 1 ላይ ስለሚቀየር፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ቁጥሮቹን ሆም አፌርስ በሚባለው መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አመሳክሩ።

መንገዱ

491 በኖቬምበር 2019 የተጀመረ የአምስት ዓመት ጊዜያዊ ቪዛ ነው፤ የተካው 489 የሚባለውን የቀድሞ ቪዛ ነው። ቪዛውን ይዞ ሪጅናል በተባለ አካባቢ ሦስት ዓመት የኖረ ሰው ለ191 ያመለክታል። 191 ማለት ፒአር ነው፤ ከተፈቀደ በኋላ ሲድኒም ሆነ ሜልቦርን መኖር ይቻላል። 494 የሚባልም አለ። እሱም የአምስት ዓመት ነው፣ እሱም ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ 191 ያደርሳል፤ ልዩነቱ የሚያስመጣችሁ ስቴት ሳይሆን ቀጣሪ መሆኑ ነው።

190ን ሳልጠቅስ አላልፍም፤ ብዙ ሰው ሳያየው ይዘለዋል። 190 በስቴት ኖሚኔሽን የሚገኝ ሆኖ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቋሚ ነው። ስቴቱ ለ190 የሚጨምረው 5 ነጥብ ሲሆን ለ491 ግን 15 ነጥብ ይጨምራል። የ10 ነጥቡ ልዩነት የሦስት ዓመታችሁ ዋጋ ነው። ነጥቡና ሙያው ለ190 የሚበቃው ሰው መጀመሪያ እሱን ይሞክር። ስቴቶች ግን 190ን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጡት እዚያው ለሚኖሩና ለሚሠሩ ነው፤ ከውጭ ለሚያመለክት ሰው የሚከፈተው በር በብዛት 491 ነው።

ሪጅናል የቱ ነው?

ሪጅናል ሲባል ብዙዎች የሚታያቸው ቀይ በረሃ መሃል ያለ የከብት እርባታ ነው። ሕጉ ለዚህ ቪዛ ሪጅናል የሚለው ከሲድኒ፣ ከሜልቦርንና ከብሪዝበን ውጭ ያለውን አገር በሙሉ ነው። ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርበት ፐርዝ ሪጅናል ነው። ዋና ከተማው ካንቤራም ሪጅናል ነው። አደላይድ፣ ሆባርት፣ ዳርዊን፣ ጎልድ ኮስት፣ ኒውካስል፣ ዎሎንጎንግ፣ ጂሎንግ ሁሉም ይገባሉ። የምታስቡት ሰፈር መግባት አለመግባቱን በፖስታ ኮድ ማየት ይቻላል፤ ዝርዝሩ ሆም አፌርስ ድረ ገጽ ላይ አለ።

የኛ ሰው ችግር ግን ሌላ ነው። አብዛኛው ዘመድ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ዕድሩ፣ እንጀራው ያለው ሜልቦርን ነው፤ በተለይ ፉትስክሬይና አካባቢው። ስለዚህ ሰው በ491 ሲመጣ ልቡ ሜልቦርን፣ ቪዛው ሌላ ቦታ ይሆናል። ጂሎንግን የሚመርጡት ለዚህ ነው፦ በባቡር ወደ ሜልቦርን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ባቡሩም ፉትስክሬይ ላይ ይቆማል። ቅዳሜ ሄዶ ዘመድ መጠየቅ፣ ለቅሶ መድረስ፣ ሠርግ መታደም አይከለከልም። የተከለከለው ከሪጅናል ውጭ መኖር፣ መሥራትና መማር ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፦ ጂሎንግ እያደሩ ሜልቦርን መሃል ከተማ ቢሮ መግባት ደንቡን መጣስ ነው። መኝታው ብቻ ሳይሆን ሥራውም ሪጅናል መሆን አለበት።

ቦታ ስትመርጡ ታዲያ ከዘመድ በፊት ሥራ እዩ። ሲክ የሚባለውን የሥራ ማስታወቂያ ድረ ገጽ ክፈቱና ሙያችሁን በየከተማው ፈልጉ። ስንት ማስታወቂያ እንዳለ ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚጠይቁ አንብቡ። ለምሳሌ አደላይድ ውስጥ ለመሐንዲስ የሚወጡ ብዙ ማራኪ ማስታወቂያዎች የመከላከያ ሥራዎች ናቸው፤ ኦዝቦርን ባለው የመርከብ ግንባታ ዙሪያ ያሉት ማለቴ ነው። የጸጥታ ፈቃድ ስለሚጠይቁ በአብዛኛው ለዜጋ ብቻ ናቸው፤ ጊዜያዊ ቪዛ የያዘ ሰው ከቁጥር ያውጣቸው። የመንገድ፣ የውሃና የባቡር ሥራ ግን ሌላ ነው፤ ከቶረንስ እስከ ዳርሊንግተን የሚሠራው የመንገድና የዋሻ ፕሮጀክት ብቻውን ብዙ ባለሙያ ይፈልጋል። ማዕድን የሚያውቅ ሰው ፐርዝን ይመልከት። ነርስና የአረጋውያን ተንከባካቢ የሆነ ደግሞ የትም ቢሄድ ሥራ አያጣም።

የሙያ ግምገማ

እውነተኛው ሥራ የሚጀመረው እዚህ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚበላውም እሱ ነው። ሙያችሁ በአውስትራሊያ የሙያዎች ዝርዝር ውስጥ የራሱ ኮድ አለው፤ የሲቪል መሐንዲስ 233211 ነው። ለእያንዳንዱ ሙያ የሚገመግም አንድ ወይም ከአንድ በላይ ተቋም አለ፦ ለአይቲ ኤሲኤስ፣ ለመሐንዲስ ኢንጂነርስ አውስትራሊያ፣ ለነርስ አንማክ፣ ለመምህር ኤይትስል፣ ለእጅ ሙያ ቲአርኤ፣ ለብዙ ሌሎች ሙያዎች ደግሞ ቬታሰስ። ኮድ ስትመርጡ የዲግሪያችሁን ስም ሳይሆን በየቀኑ የምትሠሩትን ሥራ ተከተሉ። በሲቪል ምህንድስና ተመርቆ ስምንት ዓመት የኮንስትራክሽን ፕሮጀክት ያስተዳደረ ሰው ሌላ ኮድ የበለጠ ሊመጥነው ይችላል፤ የሁለቱንም የሥራ ዝርዝር አንብቦ ይወስን።

ኢትዮጵያ የዋሽንግተን አኮርድ (የምህንድስና ዲግሪን እርስ በርስ የመቀበል ስምምነት) አባል ስላልሆነች፣ የኛ አገር መሐንዲስ ሲዲአር የሚባለውን የብቃት ማሳያ ሰነድ ማዘጋጀት አለበት። ሦስት የሥራ ታሪኮች ይጻፋሉ፤ እያንዳንዳቸው ከ1,000 እስከ 2,500 ቃል፣ አንቀጾቹ በቁጥር። ከነሱ ጋር ማጠቃለያ ሰንጠረዥና የሙያ ማሻሻያ ዝርዝር ይቀርባል። በነዚህ ታሪኮች ውስጥ ሲጻፍ የማየው ትልቁ ድክመት ትሕትና ነው። ሰው «ድልድዩን ገነባን፣ ዲዛይኑን አሻሻልን» ብሎ ይጽፋል። ገምጋሚው የሚፈልገው እናንተ ራሳችሁ ያሰላችሁትን፣ የወሰናችሁትን፣ ተከራክራችሁ ያስቀየራችሁትን ነው። «የመሠረቱን ጥልቀት የአፈር ምርመራው ውጤት ሲመጣ እንደገና አሰላሁ፤ የተጠቀምኩት ዘዴ ይህ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ከአንድ ገጽ የፕሮጀክት መግለጫ ይበልጣል። ከኢንተርኔት የተገኘ ናሙና ገልብጦ ማስገባት ደግሞ አይታሰብ፤ መመሳሰልን በሶፍትዌር ይፈትሻሉ፤ የተያዘ ሰው ማመልከቻው ውድቅ ሆኖ ለተወሰነ ጊዜ እንደገና እንዳያመለክት ይከለከላል።

የሥራ ልምድ ደብዳቤ ሌላው ራስ ምታት ነው። አገር ቤት የሚሰጠው ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በመሐንዲስነት በዚህ ደመወዝ አገልግለዋል፤ ጠባያቸውም መልካም ነው» ብሎ ያበቃል። ይሄ አይበቃም። ደብዳቤው የሥራ ዝርዝራችሁን፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሠራችሁ፣ ደመወዛችሁን፣ የፈራሚውን ስምና ኃላፊነት፣ የሚገኝበትን ስልክና ኢሜይል መያዝ አለበት። የሰው ኃይል ክፍሉ «ፎርማታችን ይሄ ነው» ካለ፣ የቅርብ አለቃ የሚፈርመው የሥራ ዝርዝር ተጨማሪ ሆኖ ይያያዝ። ከደብዳቤው ጎን ክፍያውን የሚያሳይ ነገር አያይዙ፦ የደመወዝ ወረቀት፣ ደመወዝ የገባበት የባንክ መግለጫ፣ የጡረታ መዋጮና የሥራ ግብር የተቆረጠበት ማስረጃ። ነጥብ የሚያስገኘው በሳምንት ቢያንስ 20 ሰዓት የተከፈለበትና ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ የተሠራ ሥራ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሳይዘጋ፣ አለቃችሁም ሳይለቅ ይሄን ሰብስቡ። ለመውጣት ያሰበ ሰው ዛሬ ሊጀምረው የሚችለው ሥራ ይሄ ነው፤ አንድ ዶላርም አይጠይቅም።

ሁለት የኛ የብቻችን ጉዳዮች አሉ። አንዱ ዘመን ነው። ጥር 5 ቀን 1982 ዓ.ም. የሚል የልደት ወረቀትና ጃንዋሪ 13 ቀን 1990 የሚል ፓስፖርት አንድ ቀን እንደሆኑ እኛ እናውቃለን፤ ፋይሉን የያዘው ባለሥልጣን ግን የስምንት ዓመት ልዩነት ነው የሚታየው። በየሰነዱ ትርጉም ላይ ሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ። ሁለተኛው ስም ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ባልና ሚስት የተለያየ ስም አላቸው፣ ልጅ የአባቱን ስም ይይዛል። ፎርሙን ፓስፖርቱ እንደሚለው ሞልታችሁ፣ የኢትዮጵያን የስም አወጣጥ በግማሽ ገጽ አስረድታችሁ አያይዙ። ሳይጠየቁ ማስረዳት ከወራት የደብዳቤ ምልልስ ያድናል።

ሰነድ ውጭ አገር ሲተረጎም ተርጓሚው የአውስትራሊያ ፈቃድ ባይኖረውም ይቻላል፤ ግን ሙሉ ስሙን፣ አድራሻውን፣ ስልኩንና የቋንቋ ብቃቱን ትርጉሙ ላይ ማስፈር አለበት። አውስትራሊያ ውስጥ ከተተረጎመ ግን ናቲ የሚባለው የተርጓሚዎች ፈቃድ ሰጪ ተቋም ያጸደቀው ተርጓሚ ይሁን።

ነጥቡ

ዝቅተኛው 65 ነው። ኖሚኔሽኑ የሚያስገኘው 15 ነጥብም እዚሁ ውስጥ ይቆጠራል። አንድ የ34 ዓመት መሐንዲስ እናስብ። ለዕድሜው 25፣ ለባችለር ዲግሪው 15፣ በአይኤልትስ በአራቱም ክፍል 7 ካመጣ 10፣ ለስድስት ዓመት የውጭ አገር ልምድ 10፣ ባለቤቱ በአራቱም 6 ካመጣች 5 ነጥብ ያገኛል፤ ድምሩ 65 ነው። የ491 ኖሚኔሽን ሲጨመር 80 ይሆናል። 65 ብቻውን ለማመልከት ያበቃል እንጂ ማንም ይጠራችኋል ማለት አይደለም፤ ግብዣ (ለቪዛው አመልክቱ የሚለው ጥሪ) የሚላከው ነጥቡ ከበዛው ጀምሮ ወደ ታች ነው።

ነጥብ በቶሎ የሚጨመረው በእንግሊዝኛ ነው። ከ7 ወደ 8 መውጣት 10 ነጥብ ይሰጣል። ያው 10 ነጥብ በልምድ ቢፈለግ አምስት ዓመት ሙሉ መሥራት ያስፈልጋል። ለመምህራን ግን ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ ኤይትስል ለግምገማው ብቻ በማዳመጥና በመናገር 8፣ በማንበብና በመጻፍ 7 ይጠይቃል።

ያላገባ ሰው 10 ነጥብ በነፃ ያገኛል። ያገባ ደግሞ ባለቤቱ ከ45 ዓመት በታች ከሆነች፣ የራሷን ሙያ ካስገመገመችና እንግሊዝኛዋ ከበቃ ያንኑ 10 ያገኛል፤ ስለዚህ የሁለታችሁንም ሰነድ ጎን ለጎን ሂዱበት። ማን ዋና አመልካች ይሁን የሚለውንም ስሌቱ ይወስን፤ አባወራነት እዚህ ነጥብ የለውም። ብዙ ቤት ውስጥ ነርሷ ሚስት ከአካውንታንቱ ባል የተሻለ ዕድል አላት።

አማርኛችሁም 5 ነጥብ ነው። ናቲ የሚሰጠው ሲሲኤል የተባለው የማስተርጎም ፈተና በአማርኛም አለ። ሁለት ንግግሮችን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛና ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ በቃል መመለስ ነው፤ ከ90 ቢያንስ 63፣ በእያንዳንዱ ንግግር ደግሞ ከ45 ቢያንስ 29 ማምጣት ያስፈልጋል። ቀላል ይመስላል። «የኢንሹራንስ ተቀናሽ»ን ወይም «የዋስትና ገንዘብ»ን በድንገት በአማርኛ ለማለት ስትሞክሩ ግን አማርኛችሁን የት እንደጣላችሁት ትፈልጋላችሁ። የባንክ፣ የሆስፒታል፣ የፍርድ ቤትና የማኅበራዊ አገልግሎት ቃላት አጥኑ።

ልደታችሁን ከቀን መቁጠሪያው ጋር አስተያዩ። 33 ሲሞላ 5 ነጥብ፣ 40 ሲሞላ ተጨማሪ 10 ነጥብ ይጠፋል፤ 45 ከሞላ በሩ ይዘጋል። የሚታየው ዕድሜ ግብዣው የመጣበት ቀን ነው፤ ሰነድ የጀመራችሁበት ቀን አይደለም። 39 ዓመት ከመንፈቅ የሆነው ሰው አይኤልትስን ለሚቀጥለው ዓመት ማስተላለፍ የለበትም።

ስቴቱ

ስኪል ሴሌክት በሚባለው የፌዴራል ሥርዓት ውስጥ ኢኦአይ የሚባል የፍላጎት መግለጫ ይሞላል። ነፃ ነው፣ ለሁለት ዓመት ይቆያል። ከዚያ ጎን ግን አብዛኞቹ ስቴቶች የራሳቸው መመዝገቢያ አላቸው፤ ደቡብ አውስትራሊያና ቪክቶሪያ አርኦአይ የሚሉት የራሳቸው የፍላጎት ምዝገባ አላቸው፣ ካንቤራ ደግሞ ማትሪክስ በሚባል በራሷ ነጥብ ትመዝናለች። ኢኦአይ ሞልቶ ዝም ብሎ የሚጠብቅ ሰው በማንም ላይታይ ይችላል። አንዳንድ ስቴት እሱን ብቻ የመረጠ ኢኦአይ ስለሚፈልግ፣ «ማንኛውም ስቴት» የሚለውን ምልክት ከማድረጋችሁ በፊት የስቴቱን ገጽ አንብቡ።

የፕሮግራሙ ዓመት ከጁላይ 1 እስከ ጁን 30 ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ለየስቴቱ ኮታ ይሰጣል፣ ስቴቱ ዝርዝሩን ያወጣል፣ ኮታው ሲሞላ ይዘጋል። ጁላይ ላይ ሁሉም ዝግ ሆኖ ብታገኙት አትደንግጡ፤ ኮታው ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚከፋፈለው። ዝግጁ ሆኖ የጠበቀ ሰው በሩ ሲከፈት ይገባል፤ ያን ጊዜ አይኤልትስ ለመመዝገብ የሚሮጥ ሰው ለከርሞ ይቆያል። ስቴቱ ለምን እሱን እንደመረጣችሁ ከጠየቀ «ቆንጆና ሰላማዊ ከተማ ስለሆነ» አትበሉ። የትኞቹ ድርጅቶች ሙያችሁን እንደሚቀጥሩ፣ ኪራይ ስንት እንደሆነ፣ ልጆቹ የት እንደሚማሩ ጻፉ። ቀደም ብዬ ሲክን ክፈቱ ያልኩት ለዚህም ነው።

ያለ ስቴት በዘመድ በኩልም 491 ማግኘት ይቻላል። ወንድም፣ እህት፣ አክስት፣ አጎት፣ የአጎት ወይም የአክስት ልጅም ይሆናል፤ ዜጋ ወይም ፒአር ሆኖ ሪጅናል አካባቢ የሚኖር መሆን አለበት። ፉትስክሬይ ያለው የአክስት ልጅ አይሆንም፣ ጂሎንግ ያለው ይሆናል። በዚህ በኩል የሚላከው ግብዣ ጥቂት ስለሆነ ግን ብቸኛ ተስፋ አታድርጉት።

ቀጣሪ ያገኘ ሰው 494ን ይመልከት። ሦስት ዓመት የሙሉ ጊዜ ልምድ፣ ከ45 ዓመት በታች መሆንና በአይኤልትስ በአራቱም 6 ያስፈልጋል። ደመወዙም ከተወሰነ ወለል በታች መሆን አይችልም፤ በ2025–26 ወለሉ በዓመት 76,515 የአውስትራሊያ ዶላር ነበር። ዳማ የሚባሉ የአካባቢ ስምምነቶችም አሉ፤ ኖርዘርን ቴሪቶሪ፣ ካልጉርሊ ዙሪያ ያለው ጎልድፊልድስ፣ ደቡብ አውስትራሊያና ሌሎችም አላቸው። በነሱ ውስጥ ለአንዳንድ ሙያዎች ዕድሜ እስከ 55 ይፈቀዳል፣ እንግሊዝኛውም ይላላል። 45 ያለፈው ሜካኒክ ወይም ምግብ አብሳይ በሩ ተዘጋብኝ ከማለቱ በፊት እዚያ ይፈልግ።

ግብዣው ሲመጣ

60 ቀን ነው ያላችሁ። ኢኦአዩ ላይ የጻፋችሁትን እያንዳንዱን ነጥብ በወረቀት ማሳየት አለባችሁ፤ አንዱ ከጎደለ ቪዛው ይከለከላል፣ የተከፈለው ገንዘብም አይመለስም። በ2025–26 ለዋናው አመልካች ክፍያው 4,910 ዶላር ነበር፤ ለትዳር ጓደኛ ግማሽ ያህሉ፣ ለልጅ ሩብ ያህሉ ይጨመራል።

የትዳር ጓደኛ መሠረታዊ እንግሊዝኛ ማሳየት ካልቻለ ወደ 5 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ሌላ ክፍያ አለ። እዚህ ላይ ገንዘባቸውን በከንቱ የሚከፍሉ አሉ። ባለቤታችሁ በእንግሊዝኛ የተማረበት ዲግሪ ወይም ቢያንስ የሁለት ዓመት ዲፕሎማ ካለው፣ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ እንደተሰጠ የሚገልጽ የኮሌጁ ደብዳቤ ይበቃል። ይሄ ግን ነጥብ ከሚሰጠው የቋንቋ ደረጃ ጋር አይገናኝም፤ ለ5ቱ ነጥብ ፈተና የግድ ነው።

ባለፉት 10 ዓመታት 12 ወርና ከዚያ በላይ ከኖራችሁበት አገር ሁሉ የፖሊስ ማስረጃ ይጠየቃል። ዱባይ ወይም ሪያድ ሠርቶ የተመለሰ ሰው ከሁሉ በፊት ይሄን ይጀምር፤ ከርቀት ማስጨረስ ጊዜ ይወስዳል። የጤና ምርመራው ሆም አፌርስ በመዘገባቸው ሐኪሞች ዘንድ ብቻ ነው። ልጆቻችሁንም፣ አብረው የማይመጡትን ጭምር፣ አንድም ሳይቀር አስመዝግቡ። ዛሬ ያልተጠቀሰ ልጅ ነገ ለማምጣት ሲፈለግ መከራ ነው።

ወኪል መያዝ ግዴታ አይደለም። ከያዛችሁ ግን ሰባት አሃዝ ያለው የምዝገባ ቁጥር ጠይቁትና ኦማራ የሚባለው የወኪሎች ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ባለው መዝገብ ላይ ስሙን ፈልጉ። «ስፖንሰር አለኝ፣ ይህን ያህል ክፈሉ» የሚላችሁን ሰው ግን ስልኩን ዝጉበት። ለስፖንሰርሺፕ ገንዘብ መቀበልም ሆነ መስጠት አውስትራሊያ ውስጥ ከ2015 ጀምሮ ሕገ ወጥ ነው፤ ከፋዩም ቪዛውን ያጣል።

ሦስቱ ዓመታት

ሰዓቱ የሚቆጥረው ቪዛው ከተፈቀደበት ቀን ነው። ቤቱን ሸጦ፣ ሠርግ ደግሶ፣ አንድ ዓመት ዘግይቶ የሚመጣ ሰው ከአምስቱ የቀረው አራት ነው። ለ191 የሦስት የግብር ዓመታት ማስታወቂያ (የግብር መሥሪያ ቤቱ ግብራችሁን አስልቶ የሚልከው ደብዳቤ) ያስፈልጋል፤ የግብር ዓመቱ ጁን 30 ላይ ይዘጋል፤ በየዓመቱ ግብራችሁን አሳውቁና የግብር መሥሪያ ቤቱ የሚልከውን ማስታወቂያ አስቀምጡ። በጥሬ ገንዘብ የሚከፍል ቀጣሪ ጋር መሥራት ለዚህ ቪዛ ራስን መጉዳት ነው፤ ያልታየ ገቢ ያልኖራችሁበት ዓመት ይመስላል። በዓመት 53,900 ዶላር ካላገኘህ ፒአር የለም የሚል ወሬ አሁንም ይሰማል። ለ191 ዝቅተኛ የገቢ መጠን አልተቀመጠም፤ የሚፈለገው ማስታወቂያው ነው።

አድራሻ፣ ስልክ፣ ፓስፖርት ወይም ቀጣሪ ሲቀየር በ14 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ሪጅናል መኖራችሁን የሚያሳይ ማስረጃም በማንኛውም ጊዜ ሊጠየቅ ይችላል፤ የኪራይ ውል፣ የመብራት ሂሳብ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ደብዳቤ በአንድ ፎልደር ይቀመጥ። ከሦስት ዓመት በፊት እንደ 189፣ 190 ወይም 186 ወዳሉ ሌሎች ቋሚ ቪዛዎች መዝለል አይቻልም፤ ከልዩ ሁኔታ በስተቀር ማመልከቻውን አይቀበሉም። ሜዲኬር አላችሁ፤ ሐኪምና ሆስፒታል በሱ ይታያል። የመንግሥት ድጎማ ግን በአብዛኛው የለም፤ ለመጀመሪያዎቹ ወራት የሚበቃ ገንዘብ ይዛችሁ ኑ። ያገለገለ ቤት መግዛትም ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ለጊዜያዊ ነዋሪ ለሁለት ዓመት ታግዷል።

የመጀመሪያው ሥራ በሙያችሁ ላይሆን ይችላል። የአካባቢ ልምድ ይጠይቃሉ፣ የምታውቁት ሰው የለም። 491 የያዘ ሰው በሙያው እንዲሠራ ቪዛው አያስገድደውም፤ 494 የያዘ ግን ለዚያው ቀጣሪና በዚያው ሙያ ነው። ስለዚህ መጋዘን ገብቶ መጀመር ቪዛውን አይጎዳም። እኔ የምመክረው ግን ከደረሳችሁበት ሳምንት ጀምሮ ለትንንሽ አማካሪ ድርጅቶችና ለከተማ ምክር ቤቶች ማመልከት ነው። ትልልቆቹ ድርጅቶች ቪዛችሁን ለመረዳት አይቸገሩም፣ ግን ሰልፉ ረጅም ነው። በየከተማው ዳር ያለ የምክር ቤት ቢሮ ግን መሐንዲስ አጥቶ ማስታወቂያውን ደጋግሞ ያወጣል። ማመልከቻው ላይ ቪዛችሁ በዚያ አካባቢ ያለ ገደብ እንደሚያሠራና ስፖንሰር እንደማያስፈልጋችሁ በመጀመሪያው አንቀጽ ጻፉ፤ ብዙ ቀጣሪ «491» ሲያይ ወጪ የሚያመጣበት ይመስለዋል።

191 ስታመለክቱ ነጥብ አይቆጠርም፣ ሙያ አይገመገምም፣ ክፍያውም ከመጀመሪያው በእጅጉ ያነሰ ነው። ሜልቦርን ለመዛወር ያሰበ ሰው ግን ማመልከቻውን ስላስገባ ዕቃውን አይጫን፤ እስኪፈቀድ ይጠብቅ። ለዜግነት አራት ዓመት በሕጋዊ ቪዛ መኖርና የመጨረሻውን አንድ ዓመት በፒአር ማሳለፍ ያስፈልጋል። የ491 ጊዜያችሁ ከአራቱ ውስጥ ይቆጠራል። በአራቱ ዓመት ውስጥ ከአውስትራሊያ ውጭ የቆያችሁበት ጊዜ ተደምሮ ከ12 ወር፣ በመጨረሻው ዓመት ደግሞ ከ90 ቀን መብለጥ የለበትም፤ አገር ቤት ረዘም ላለ ጊዜ ለመሄድ ያሰበ ሰው ጉዞውን ከመጨረሻው ዓመት በፊት ያድርገው። የኢትዮጵያ ሕግ ጥምር ዜግነት ስለማይፈቅድ፣ መሐላውን ከፈጸማችሁ በኋላ አገር ቤት የምትገቡት በቪዛ ወይም በትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው።